ረጅሙ ሞተርና የጋልታ በሬ

ባለፈው ወር የመጨረሻ ልጄ ትዕግስት ከዲመካ መጣች። እዚያ ጤና ባለሙያ ሆና ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ በእግር መዞር ስለሰለቻት ሞተር ሳይክል ልትገዛ አስባለች። ምሳ በልተን የጎመኑ ሳህን ገና ሳይነሳ ስልኳን አወጣችና የሁለት ሞተሮች ፎቶ አሳየችኝ።

«አባዬ፣ የቱን ልግዛ? አንተ ዕድሜህን የጨረስከው ሞተር ላይ ነው።»

እኔ ምክር መስጠት የማልጠግብ ሰው ነኝ። ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ፣ መለዋወጫው ጂንካ ይገኝ እንደሆነ፣ ሰው ለመታየት ብሎ የገዛው ዕቃ መልሶ እሱን እንደሚገዛው፣ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩላት። ልጆቼ ይህን ጠባዬን «ስብከት» ይሉታል። ትዕግስት አገጯን በእጇ ደግፋ እስክጨርስ ጠበቀችና፣

«እሺ፣ አንተስ የመጀመሪያህን እንዴት መረጥከው?» አለችኝ።

«ሥራ አለብኝ» ብዬ ተነሣሁ።

ሥራ አልነበረኝም። ጓሮ ወጥቼ ሙዙ ሥር ቆምኩ። አምስት ልጆች «እውነት ተናገሩ» እያልኩ በቃልም በቀበቶም አሳድጌያለሁ። ቀበቶው ትክክል እንዳልነበረ ዛሬ ይገባኛል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር ከእነሱ የጠየቅኩትን እኔ ሳልከፍል መኖሬ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል ነበር፤ ሣሩ ላይ ከብት ይግጣል፣ ወጣቱ ኳስ ይጫወታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ከብቱም ተጫዋቹም ይባረራል። ሞተር መንዳት የሚለማመድ ሰው ሁሉ የሚለማመደውም እዚያው ነበር።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ዘነበች ናት፤ ኮረሪማና ሙዝ ገበያ እያወጣች። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ራሴን አስተማርኩ። የተጣለ ጋዜጣ አንብቤያለሁ፣ ሱቅ ውስጥ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር ፈትቼ አንብቤያለሁ። የእንስሳት ክትባት ሥራ ያገኘሁትም በዚሁ ትጋቴ ነው። ሞተር ከመግዛቴ በፊት ስለ ሞተር ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ጨርሼ ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ብቻውን ስለተማረ የሚያስተምረው ሰው ያለ አይመስለውም። እኔ በዚህ በሽታ ክፉኛ ታምሜ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ የሚሸጡ ሁለት አሮጌ ሞተሮች ነበሩ። አንዷ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ወደ ሌላ አገር የሚዛወር ወንጌላዊ የሚሸጣት። ሌላው ሰማያዊ፣ ከፍ ያለ፣ የፊት ጭቃ መከላከያው ወደ ላይ የተንጠለጠለ፣ ሲነሣ ውሻ የሚያስጮኽ። ሁለቱንም ሜዳው ዳር አስመጣኋቸው። መካኒኩ ጋሽ በቀለም እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጂንካ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ከሰሜን የመጡ ሰው ነበር፤ ከተማው ውስጥ ያልፈታው ሞተር የለም።

«አንተ፣ መጀመሪያ በቀይዋ ውጣ» አለኝ።

ወጣሁ። ሁለቱም እግሮቼ አፈር ረገጡ።

«በል ውሰዳት። አለቀ።»

«ጋሽ በቀለ፣ ይቺ እኮ የሴት ናት።»

«ሞተር ወንድና ሴት የለውም። ረጅምና አጭር ሰው ግን አለ። አንተ አጭር ነህ፤ እግዚአብሔርን ጠይቀው እንጂ እኔን አትጠይቀኝ።»

ተመልካቹ ሳቀ። ተናድጄ ሰማያዊው ላይ ወጣሁ። በግራ እግሬ ጣት ጫፍ መሬቱን ነካሁት፤ ቀኝ እግሬ አየር ላይ ቀረ።

«መሰላል አምጡለት!» አለ አንዱ።

«ተዉት፣ ግመል ተንበርክኮ ነው የሚጫነው!» አለ ሌላው።

ሳቁን ሰበብ አላደርገውም። ባይስቁም ሰማያዊውን ነበር የምወስደው፤ ከቤት ስወጣ ጀምሮ ልቤ እዚያው ነበር። ጋሽ በቀለ ግን ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ ሞተር ሲሄድ ማንም ይነዳዋል። ሰው የሚወድቀው ሲቆም ነው። ጭቃ ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ሰው አፈናጥጠህ ስትቆም ነው።» እኔም መጽሐፉ ይህን አይልም ብዬ መለስኩለት። እውነት ነው፣ መጽሐፉ ይህን አይልም ነበር።

ሰማያዊውን ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሜዳው ላይ ተለማመድኩ። መቆም ሲያስፈልገኝ ድንጋይ ወይም ከፍ ያለ ዳር ፈልጌ እጠጋ ነበር። ይህን ዘዴዬን ማንም እንዳያይብኝ በጣም እጠነቀቅ ነበር።

ከዚያ ከጂንካ በላይ ዳገት ላይ ባለችው በገዘር የገበያ ቀን ዘነበች ልትሄድ ተነሣች። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የገዘር ዳገት ቀይ ጭቃ ሳሙና የሆነበት ጊዜ። «በእግርሽ አትሄጅም፣ እኔ አደርስሻለሁ» አልኳት። የልጅነቴን ውለታ በአንድ ጠዋት የምመልስ መስሎኝ ነበር። እሷም ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ለካፊያው ተከናንባ ከኋላዬ ወጣች።

«ልትወድቅ ስትል ንገረኝ፤ ቀድሜ ልውረድ» አለችኝና ራሷ ሳቀች።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ አንድ ሽማግሌ በሬ እየጎተቱ ሲወርዱ አየሁ። አቶ ጋልታ ይባላሉ፤ እርሻቸው ከመንገዱ ዳር ነው። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ገመዱን ሰብስበው፣ በሬያቸውን ወደ አጥሩ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ግንባሩን እያሻሹ አረጋጉት። ከዚህ የበለጠ ምን ያድርጉ? በሬው ከእኛ አምስት ስድስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ለእኔ ግን መንገዱ የጠበበ መሰለኝ። ፍሬን ያዝኩ። ቆምኩ። ግራ እግሬን ዘረጋሁ። በግራ በኩል ጎርፍ የቦረቦረው ነበርና እግሬ መሬት አላገኘም።

ያቺን ቅጽበት አሁንም በእግሬ አውቃታለሁ። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እንደደከመ ሰው፣ ወደ ግራ ተኛ። እኔ ዘልዬ ወጣሁ። ዘነበች አልወጣችም። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ባቷ ላይ አረፈ፤ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ከእርጥቡ ጭቃ ሽታ ጋር ተቀላቀለ።

ሞተሩን ያነሡት አቶ ጋልታ ናቸው። ጎረቤት የጠሩ፣ ቃሬዛ ያሠሩ፣ አንዱን ጫፍ በትከሻቸው ይዘው ጤና ጣቢያ ድረስ የተሸከሙም እሳቸው ናቸው። እዚያ ስንደርስ ሐኪሙ በአማርኛ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። የተሰበሰበው ሰው ያየኛል። መካከላቸው ሜዳው ላይ «መሰላል» ያለው ልጅ ነበረ።

«በሬ ገፋን» አልኩ።

ለመዋሸት አላሰብኩም ነበር፤ ወጣ። ግን በአማርኛ መውጣቱን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። አቶ ጋልታ የሚያውቁት የገበያ አማርኛ ነው። አጠገቤ ቆመው፣ ትከሻቸው ጭቃ ሆኖ፣ የተናገርኩት ሳይገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በእኛው ቋንቋ በአሪኛ ብጠየቅ ዓይናቸውን እያየሁ እዋሽ ነበር ወይ? አይ፣ እዋሽ ነበር። በሳምንቱ ዋሽቻለሁና።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አቶ ጋልታ ወሬው ደርሷቸው ለዕርቅ አንድ ቅል ማር ይዘው መጡ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ በአሪኛ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ በሬው ነክቷችኋል?»

እውነቱን ብናገር ማንም አያስረኝም፣ ከሥራዬም አያባርረኝም። የሚቀርብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጭርነቴን የሚያስረሳ፣ አዋቂ የሚል ስም። ለእሱ ስል «ነክቶናል» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ አቶ ጋልታ ዞሩ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ አላየሁም። ልጁ የተማረ ነው። የተማረ ሰው አይዋሽም» አሉ።

ማሩን ተቀበልኩ። ሰው የጎዳ በሬ ከቤት አይቆይም ተብሎ በሬውም ተሸጠ። የጥማዱ ሌላ በሬ ብቻውን ምን ያደርጋል? በዚያ ዓመት አቶ ጋልታ ማሳቸውን በዶማ ቆፈሩ። ለክትባት ወደ ገዘር ስወጣ በሰማያዊው ሞተር በማሳቸው ዳር አልፍ ነበር። ወገባቸውን ቀና አድርገው፣ ዶማውን ተደግፈው፣ እጃቸውን ያነሡልኛል። እኔም አነሣላቸዋለሁ። ዘነበች ከወራት በኋላ ክራንቹን ብትጥልም ዛሬም ታነክሳለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ቦሎቄ እየለቀመች፣ «ሰው ስንት ነገር ያወራል፤ እኔን ግን የነካኝ በሬ የለም» አለችና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች። እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁ።

አቶ ጋልታ ካረፉ ወደ አሥር ዓመት ይሆናል። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። እዚያም አልተናገርኩም።

ትዕግስት በጠየቀችኝ በሦስተኛው ቀን ገዘር ወጣሁ። የአቶ ጋልታ ባለቤት እማማ ማርታ በሕይወት አሉ። ደጃቸው ላይ ኮረሪማ እያሰጡ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከፍሬኑ እስከ ሽማግሌዎቹ ሁሉንም በአሪኛ ነገርኳቸው። እጃቸው ኮረሪማው ላይ ቆመ።

«ቡሬን ነው የምትለው?»

«አዎ እማማ።»

«ቡሬ እናቱ ሞታበት እኔ ነኝ በእጄ ወተት ያጠጣሁት። ልጆቼ በሆዱ ሥር ይሾልኩ ነበር። ‹ቡሬ ሰው አይነካም› ብዬ ለጋልታ ነገርኩት። ‹የተማረ ሰው ዋሽቶ አንቺ እውነት ልትናገሪ?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎረቤት አወራሁ፣ ስለ እህል አወራሁ፣ ‹እንደ በሬሽ ነው› ይለኛል። እስኪሞት ድረስ።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ተነሥተው ወደ ማሳው ተጣሩ። የበኩር ልጃቸው ሳሙኤል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ጭቃ የነካ እጁን እያራገፈ መጣ።

«ድገመው» አሉኝ።

«እማማ...»

«ድገመው። እነዚህ ይስሙ። አባታቸው ያለኝን ሰምተው ነው ያደጉት።»

ቆሜ ደገምኩት። «በሬው አልነካንም። የወደቅኩት እኔ ነኝ። እናታችሁ እውነት ተናግረዋል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ሳሙኤል እናቱን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። ልሄድ ስነሣ እማማ ማርታ ከቤት የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን ይዘው ወጡና ፊቴ አስቀመጡት።

«ብላ። እንግዳ ሳይበላ ከቤቴ አይሄድም። ይቅርታ እንዳይመስልህ።»

በላሁ።

ማታውን ወደ ዲመካ ለተመለሰችው ለትዕግስት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ሞተሩን እኔው እመርጣለሁ አባዬ» አለች። መብቷ ነው።

ያልተመጠነ ሞተር መግዛት የወጣት ስህተት ነው፤ አምላክም ሰውም ይቅር ይለዋል። ውሸትን ግን አንድ ጊዜ ገዝቶ በዚያው የሚያበቃ ሰው የለም። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ባሏ አፍ፣ ውሸታም እየተባለች ኖራለች፤ እኔ ደግሞ በዚያው ዘመን ለልጆቼ እውነትን እሰብክ ነበር። ወደ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስሸጥኩት አንድ በሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።