የተዋስነው ቃሬዛ

ሬሳ ሆኖ መተወን ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ በአንድ እሁድ ከሰዓት ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ያኔ መርሳ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ፣ በየእሁዱ አዲስ ተውኔት እናሳያለን። በሦስተኛው ተውኔት ሟቹ እኔ ነኝ። ቃሬዛውን ከሰፈሩ እድር ተዋስን። የእድሩ ዕቃ ያዥ ጋሽ ይመር የሰጡን እያቅማሙ ነው።

"በሞት አይቀለድም" አሉ። "ለማንኛውም ያስፈለገ ዕለት ወዲያው ትመልሳላችሁ። ለእኔም የፊት ወንበር ያዙልኝ።"

እሁድ ስንጀምር ወንበራቸው ባዶ ነበር። እኔ ጋቢ እስከ ፊቴ ለብሼ ቃሬዛው ላይ ተኛሁ። አዘጋጃችን "ጣሪያው ቢወርድ እንኳ እንዳትነቃነቅ" ብሎኛል። እናቴን ሆና የምትጫወተው ልጅ ማልቀስ ስትጀምር የብዙ ሰው ኮቴ ወደ መድረኩ ወጣ። ልጅቷ ለቅሶዋን አቋረጠች። ከዚያ ቃሬዛው ከነእኔ ተነሳ።

ይኼ ድርሰቱ ላይ የለም። የተሸከሙኝ ሰዎች አይናገሩም፤ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ጋቢው ላይ ዝናብ ሲያርፍ ከአዳራሹ እንደወጣን ገባኝ። ልጮህ ብል አፌ ደርቋል። እንዲያውም "የእውነት ሞቼ ይሆን እንዴ?" ብዬ አስቤያለሁ፤ አትሳቁ።

ከበሩ ትንሽ ራቅ ብለው አስቀመጡኝና አንዱ ጋቢውን ገለጠልኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ተነስ ወንድሜ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሕዝቡን እንዳናስደነግጥ ብለን ነው። ቃሬዛው ለራሳቸው ለጋሽ ይመር አስፈልጓል።"