ሳይታጠብ ይታይ

አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ «እመት ቆይ» ነው የሚሏት። አንዴ «ቆይ» ካለች አበቃ፤ አብራሪውም አለቃውም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሥራዋ የአውሮፕላን ገላ መመርመር ነው። አውሮፕላን ሲወጣ ሆዱ በአየር ይነፋል፣ ሲወርድ ይሟሽሻል። በዚህ ምልልስ ብረቱ እንደ ሰው ይደክመውና ቆርቆሮውን ካያያዙት፣ ሪቬት ከሚባሉት ሚስማሮች ሥር ቀስ ብሎ ይሰነጠቃል። የላላ ሪቬት ደግሞ ከኋላው ጥላሸት የመሰለ ጭረት ይተዋል። እሷ መጀመሪያ የምትፈልገው ያንን ነው። «እኔ ሳላየው ውሃ እንዳይነካው!» እያለች ሰውን ስታሰለች የኖረችውም ለዚሁ ነው።

አንድ ጠዋት ስትገባ አውሮፕላኑ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

«ማነው ያጠበው?»

«እኛ ነና!» አለ የሺፍት አለቃው ፈገግ ብሎ። «እህትሽ በዚህ እንደምትሄድ ሰምተን፣ ቶሎ እንድትጨርሺ ብለን ነው።»

ወደ ታጠበው ገላ ቀረበች። አባታቸው ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ለቀዶ ጥገና ሊገባ ነው። ታናሽ እህቷ ከዚያ በፊት ልትደርስለት መንገደኞች ማረፊያ ቁጭ ብላለች፤ ሌላ በረራ እስከ ነገ የለም። ሰዎቹ ለደግ ብለው ምልክቱን ሁሉ ጠርገው አጥፍተውታል። ምን ብላ ትቆጣቸው?

«ቆይ» አለች። «መገጣጠሚያው በሙሉ፣ አንድ ሪቬት ሳይቀር፣ በመሣሪያ ይፈተሽ።»

«ኧረ በእናትሽ! ቀኑን ሙሉ ይፈጃል እኮ። እህትሽስ?»

«ሰማሁህ። መሰላሉን አምጡልኝ።»

እህቷ ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ አነሳችው።

«አውሮፕላኑን ምን ነካው? አባባ እየጠበቀኝ ነው!»

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት፣ እህቴ።»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መሰላሉን ወጣች። ሊመሽ ሲል ከመስኮቶቹ በላይ መሣሪያው ጮኸ፤ የጥፍር ያህል ስንጥቅ። አለቃው አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ። እሷ ግን ደስ አላላትም፣ ደክሟት ነበር።

አባታቸው ከቀዶ ጥገናው አልነቃም። ሁለቱም የደረሱት በማግስቱ ነው።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ እህቷ ስልኩን ከዘጋችባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረቻት።

«ስንጥቁ ባይኖርስ ኖሮ? በከንቱ አስቀርተሽኝ ቢሆንስ?»

ብትዋሽ ማን ይታዘባታል? የሚያባብል ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር።

«ያው ነው፣ የኔ እናት። ሳላየው አይነሳም ነበር።»

እህቷ ትክ ብላ አየቻት።

«አባባም እንዳንቺው ችኮ ነበር» አለችና አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር።