ልጄን እህል ያስጠላት ጉርሻ

የዚያን ቀን መርሳ ከተማ ባለው ቤታችን ገበታ የቀረብነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ይመር፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ትዕግሥትና ታናሽ እህቷ ነበርን። ዓውደ ዓመት ነው። ጋሼ ይመር ጠቅልለው ትዕግሥትን አጎረሷት። አልዋጠችም። መዳፏ ላይ ተፋችው።

«እህል ይተፋል? አንቺ ሰይጣን!» አሉ። የተፋችውን ከመዳፏ አንስተው መልሰው አጎረሷት። አፍንጫዋን ያዙ። ዋጠች።

ባለቤቴ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ። በዚያ ፈገግታዬ ዛሬ አፍራለሁ። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እንዲሁ ያደርጓት ነበር። ባለቤቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና በቤታችን የሚቃወማቸው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ትዕግሥት ጾም አበዛች፤ ልጅ የማይጾመውን ሁሉ ጾመች። ጎረቤት «ባሕታዊት ወለድሽ!» ሲለኝ ኮራሁ። በፍስኩ ቀን ደግሞ ከጓሮ ስታስመልስ ሰማሁ። ከማንጎው ሥር ትውከቷን አየሁ። ዝንብ ወርሮታል። ሰው እንዳያይብኝ አፈር መለስሁበት። ፀጉሯ ረገፈ። የወር አበባዋ ቀረ። አንድ ጠዋት ወደቀች።

ወልድያ ሆስፒታል አስተኟት። ግሉኮስ ሰጧት። በደሟ ያለው ፖታሺየም የሚባል ንጥረ ነገር ወርዷል አሉ። የአእምሮ ሐኪሙ ለብቻዋ አነጋግሯት እኔን ጠራኝ።

«እናቴ፣ ይህ ጾም አይደለም። አኖሬክሲያ የሚባል፣ መብላትን የሚያስፈራ በሽታ ነው። ገበታ ላይ ማንን ትፈራለች?»

«ኧረ ማንንም! ዘመድ ቢያጎርሳት ነው እንጂ።»

«የተፋችውን መልሰው እንዳጎረሷት ነግራኛለች። እርስዎም ነበሩ።»



ከሆስፒታል ስንመለስ ጋሼ ይመርን ከገበታችን ከለከልሁ፤ ባለቤቴ ወራት አኩርፎኝ ከርሞ፣ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ አብሮን መሄድ ጀመረ። ትዕግሥት በራሷ ሳህን፣ በራሷ እጅ፣ መጀመሪያ ሩብ እንጀራ፣ ቆይታም ግማሽ እየበላች ቀስ በቀስ አገገመች። እኔ ግን ጉርሻዋን መከታተል አልተውም፤ «እማዬ፣ በዓይንሽ አጎረስሽኝ እኮ!» ብላ ትስቅብኛለች።

ሐኪሙንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቶች፣ ልጃችሁ አልበላም ስትል አፏን በግድ አትክፈቱ፤ ማን እንዳስፈራት ጠይቁ። ትውከቷን እንደ እኔ አትቅበሩ፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ትዕግሥት ሲሻላት አንድ ነገር ነገረችኝ። ጋሼ ይመር የገዛ ልጃቸውን ሰናይትንም እንዲሁ ያጎርሷት ኖሯል። ሰናይት ውርጌሳ ከተማ ካለው ቤታቸው ከወጣች ቆይታለች፤ አባቷ ስሟን አያነሱም፣ እኔም የት ሄደች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያያት ካለ ይንገረኝ። እህል ትቀምስ እንደሆነ ብቻ ልወቅ።