ከኋላዬ የሚመጣው ጉልበት

አብረን ያሳለፍነው የመጨረሻው ቀን የጀመረው ካልሲ በማጥለቅ ነበር። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ዘረጋልኝ፤ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አጠለቅኩለት። ጉልበቱ አልታጠፍ ካለው ቆይቶ ነበር።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ ሴት! ጎማ የምትቀይሪ መሰለሽ?»

«ጎማ ብትሆንማ በአዲስ እቀይርህ ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ኡራኤል ብቅ ብለን ማኪያቶ ጠጣን፤ ዳቦ ገዝተን ተመለስን። በማግስቱ ከእንቅልፉ አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። እኛ ስንጠብቀው የኖርነው ጉልበቱን ነበር።

ዕድሜውን በሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለው ልም አጥንት ተበልቶ እንዳለቀ፣ እንደ ቁስልም መልሶ እንደማይሞላ ሲያስረዳን፣ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ «ኩሽኔታው አልቋል እያለሽ ነው» አለኝ። ጉልበቱን መርፌ ሲወጉት ደግሞ «ግራሶ ነው» አለ። የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ግን አንድም ቀን በደንብ አልሠራውም። አልጋ ላይ ተቀምጦ እግር መዘርጋትና ማጠፍ ያሳፍረው ነበር።

የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ሊፍት የሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስንወጣ እኔ እቀድማለሁ፤ እሱ መደገፊያውን ይዞ ከኋላዬ ይመጣል። ጉልበቱ በእያንዳንዱ እርምጃ ቋ ይላል፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው። የት እንደደረሰ በድምፁ አውቅ ነበር። እኔ ቀድሜ ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ እተውለታለሁ።

በለቅሶው ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀመጥኩ። ሰው በመጣ ቁጥር መነሳት፣ መቀመጥ፣ እንደገና መነሳት። እግሬን ሲያመኝ ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ዳቦ ገዝቼ ደረጃውን ስወጣ ሰማሁት። ቋ።

ቆምኩ። እሱም ቆመ። ፊት ለፊታችን የነበሩት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ ደረጃው ላይ ትንሽ ድምፅ እንኳ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ከታች ይመለሳል። አንድ ደረጃ ወጣሁ። ቋ፤ ከኋላዬ፣ ከታች። ዞር አላልኩም። ዞር ብል አላገኘውም። «ቀስ እያልክ ና» አልኩና በሩን ገርበብ አድርጌ ገባሁ።

እንዲህ ሰነበትን። ቤት ውስጥ የለም፤ ደረጃው ላይ ግን አለ። የማያስፈልገኝን ለመግዛት መውጣት መውረድ ጀመርኩ። ክብሪት፣ ሎሚ፣ ደግሞ ክብሪት።

አንድ እሑድ ልጄ መጣች። አብረን ስንወጣ እሷ ከኋላዬ ነበረች።

«እማዬ፣ ምንድነው የሚንቋቋው?»

«ሰማሽው?» አልኳት። «አባትሽ ነው።»

አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ መዳፏን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «እስኪ አንዴ ውጪ።» ወጣሁ። እጇን ሳታነሳ ቆየች። «እማዬ... የአንቺ እኮ ነው።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሲቀበር እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ልጄ ወደዚያው ሐኪም ወሰደችኝ። ራጄን ሰቅሎ በአጥንቶቹ መሀል ያለውን ክፍተት አሳየኝ፤ ጠቧል እንጂ አልተዘጋም። «የእርስዎ ገና አላለቀም፤ ያለቀውን ባንመልሰውም የቀረውን ማቆየት እንችላለን» አለኝ።

«ድምፁ ይጠፋል?»

«ላይጠፋ ይችላል። ካላመመዎት ግን ድምፁ ብቻውን አያሳስብም።»

ለምን እንደጠየቅኩት አልነገርኩትም።

አሁን በየጠዋቱ እሱ ይቀመጥበት በነበረው የአልጋ ጫፍ ተቀምጬ እግሬን እዘረጋለሁ፣ አጥፋለሁ። ካልሲዬን ራሴ አጠልቃለሁ። ወርጄ ዳቦ እገዛለሁ። ስመለስ በሩን ወዲያው አልዘጋውም።