የታጠፈው የቀኝ ብራኬት

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የማሽን ግቢ ለዓመታት ስሠራ ሥራዬ አንድ ነበር፤ የትናንሽ ትራክተሮችን ሎደር መፈተሽ። ሎደር የምንለው ከትራክተሩ ፊት በሁለት ክንድ ተይዞ አሸዋና ድንጋይ የሚያነሳውን ባልዲ ነው። ክንዶቹን ከትራክተሩ ወገብ ጋር የሚያስሩት ግራና ቀኝ ያሉ ወፋፍራም ብረቶች ብራኬት ይባላሉ። ብራኬት ከታጠፈ ወይም ክንዱን የሚይዘው ወፍራም ሚስማር፣ ፒኑ፣ የሚገባበት ቀዳዳ ከተበላ አንድ ቀን ክንዱ ከነጭነቱ ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የባለማሽኖቹ ማኅበር እኔ ላላየሁት ማሽን ሥራ አይሰጥም። ይሄ ነገር ልቤን አሳብጦት ነበር፤ አልዋሽም።

የማየው ሰኞ ጠዋት ነው። ባለማሽኖቹ ባረጁ ጎማዎች ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ባልዲውን ሜዳ ላይ አስወርዳለሁ፤ ከፊት ቁጢጥ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። ሁለቱ ጥጎች እኩል መሬት ካልነኩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ግራና ቀኙን በሲባጎ እለካለሁ። በመጨረሻ እጄን ከብራኬቱ ሥር አስገብቼ እዳብሳለሁ፤ ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጣት ያገኘዋልና። ደህና ከሆነ በነጭ ጠመኔ ክብ እሠራለሁ፣ ካልሆነ ኤክስ። ኤክስ ያለበት ማሽን ተቃንቶ፣ እዚያው ግቢ ተመልሶ፣ እንደገና እስካየው ድረስ ምንም አያነሳም።

ሰው የሚሰበሰበው ግን ለጠመኔው አልነበረም። ብረቱን ዳብሼ ማሽኑ ምን ሲሠራ እንደሰነበተ ጮክ ብዬ መናገር ልማዴ ነበር። «ይሄ የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲነቅል ነው የከረመው!» «ይሄ ግንብ ገጭቷል፤ ሹፌሩም ሞቅ ብሎት ነበር!» ግቢው በሳቅ ያልቃል። ባለቤቱ መጀመሪያ ምሎ ይክዳል፣ ቆይቶ እሱም ይስቃል። ሰው ቢክድ ብረቱ ይናገራል እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር።

ከሁሉም አስበልጬ የምወዳቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ገፈርሳ፣ ከግድቡ ብዙም አይርቅም። በግቢው ሁሉም ሰው «ኦቦ» ብቻ ነበር የሚላቸው፤ በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ነው። የእርሻ መሬታቸው ለቤት መሥሪያ ከሄደ በኋላ በትራክተሯ ነበር የሚያድሩት፤ በሬ እንደሚነዳ ሰው ቀስ ብለው፣ እያናገሯት ይነዷታል። ባልዲውን ከግማሽ በላይ ሞልተው አያውቁም፤ ከእኔም ኤክስ አግኝተው አያውቁም። እኔ ከሰሜን ብቻዬን የመጣሁ ሰው ነኝ። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በየፋሲካውም የምገድፈው እሳቸው ቤት ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ጊዜ መጣ። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን መሬት ልትውጥ ነው ተባለና ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ሰው ለተቃውሞ ወጣ። መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ ተኩስ ተሰማ። በዚያ ሰሞን የመንገዱን ድንጋይ ያነሳ ሰው ለተቃውሞ የወጡትን ልጆች እንደከዳ ነበር የሚቆጠረው። ድንጋዩን በማሽን አንሱልን የሚሉ የመንግሥት ሰዎች ግቢያችን ድረስ መጥተው ነበር። የአንዱ ባትሪ ሞተ፣ የአንዱ ቁልፍ ጠፋ፤ ብቻ ማንም አልሄደም። በዚህ ሁላችንም በልባችን ኮርተናል።

ነገሩ በረድ ባለ በመጀመሪያው ሰኞ ኦቦ ትራክተሯን እየነዱ መጡ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ?» ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

«ፈያ፣ ገለታ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑና ከትራክተሯ ወንበር ሳይወርዱ ቀሩ። ሌላ ጊዜ ወርደው፣ ትከሻዬን መታ መታ ካደረጉኝ በኋላ ነበር ሥራ የምጀምረው። ድካም መሰለኝ።

ባልዲው ሲወርድ የቀኙ ጥግ ቀድሞ መሬት ነካ። በሲባጎ ስለካው ልዩነቱ ሁለት ጣት ሆነ። የቀኙ ብራኬት ወደ ውስጥ ታጥፏል። የባልዲው ከንፈር ላይ ድንጋይ የፋቀው አዲስ ጭረት አለ፣ በጭረቱ ዙሪያ ደግሞ የተቃጠለ ጎማ ጥላሸት። ግቢው ስንት ሳምንት ሳይስቅ ከርሟል፤ ሰዎቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እኔም እንደልማዴ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ኦቦ! የመንገዱን ድንጋይ ያነሱት አንቱ ነዎት ለካ!»

ማንም አልሳቀም። አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ኦቦ ከወንበራቸው ቁልቁል አዩኝ።

«እውነትህን ነው፣ ልጄ» አሉ።

አልካዱም፣ አልማሉም፣ ምክንያትም አልሰጡም። እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ ኤክሱን ሠራሁ። ሞተር አስነስተው ወጡ። ጎማዎቹ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ወደ ሄዱበት አቅጣጫ ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ወሬው ሳይመሽ ገፈርሳ ገባ። ሰላምታ እንደነሷቸው ሰማሁ። ሱቅ ሲገቡ ጨዋታ ይቆማል አሉ። ዕድር ሲሰበሰብ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ አሉ። እኔስ ምን አደረግኩ? ሄጄ እግራቸው ላይ መውደቅ ሲገባኝ ተኮሳተርኩ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ ያደረጉት እሳቸው፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ማሽኗን አቃንተው ይምጡና ያኔ እንታረቃለን ብዬ በየሰኞው በሩን አየሁ። አልመጡም። ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ አልጠሩኝም፣ አልሄድኩም። ከዚያ ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምኩ። ያን ሁሉ ሰው ለሚያውቁ ሽማግሌ የመጣው ጥቂት ነበር። ከግቢያችን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ፊት ለመቅረብ ወኔ አጣሁ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው ላኩብኝ። ትራክተሯን ለወንድማቸው ልጅ ሊሰጡት ነው፤ ሰው እንዳትጎዳ አንተ እያት አሉኝ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘኋት። ኤክሱ ደብዝዞ እንዳለ አለ፤ እጅ አልነካውም። ፒኖቹ ግን በግራሶ ተሞልተዋል፤ አንድም ዝገት የለም። ስትቆም ያን ያህል የተንከባከቧት ማሽን ከዚያ ሰኞ ወዲህ ምንም አላነሳችም።

«ለምን አላቃኗትም፣ እማማ?»

«ካቃናት ግቢያችሁ መውሰድ ነበረበት። እዚያ ሰው መሃል እንደገና መቆም አቃተው» አሉ።

ከዚያ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። በዚያ የተኩስ ሰሞን አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጎረቤታቸው ልጅ፣ አስተማሪ ነው፣ ጭኑን በጥይት ተመታ። ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ተገኘ፤ መንገዱ ግን ዝግ ነው። ድንጋዩን የደረደሩት ልጆች ከተኩሱ ሸሽተዋል፤ ትልቁን ድንጋይ ለመግፋት ሰው ጠፋ። ኦቦ ትራክተሯን አስነስተው ወጡ። መኪናው አለፈ፤ ሰውየው ተረፈ። ግን የቆሰለ ሁሉ ለእስር በሚፈለግበት ጊዜ መቆሰሉ መታወቅ አልነበረበትም፤ ስለዚህ ድንጋዩ ለምን እንደተነሳ መናገር አይቻልም። የአስተማሪው እናት ሰው ሳያያት እየመጣች እግራቸው ላይ ታለቅስ ነበር አሉ።

እኔ እጄን ከብራኬቱ ሥር አስገብቼ ዳበስኩት። የታጠፈው ቀኙ ብቻ ነው። ተረጋግቶ መንገድ የሚያጸዳ ሰው ድንጋዩን ባልዲው መሃል ነው የሚያገባው፤ ጭነቱ ለሁለቱም ክንድ ይከፈላል። በጥግ ጎትቶ አንዱን ብራኬት የሚያጥፈው የቸኮለ፣ የተጨነቀ ሰው ነው። ኦቦ ደግሞ ቸኩለው አያውቁም። ያን ሰኞ ይሄ ሁሉ እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን ሰው ለማሳቅ ስቸኩል ግማሹን አንብቤ ጮህኩ።

«እኔ እኮ ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት ሰበታ ወስደህ አስበይደው፣ እዚያ ማንም አያውቅህም ብዬው ነበር» አሉ እማማ። «እሱ ግን እምቢ አለ። ለዚያ ለግቢው ልጅ፣ ላንተ፣ ነው የማሳየው፤ ብረቱን ሲዳብሰው ይገባዋል፣ ለማንም ሳይናገር እንዲቃና ያደርግልኛል አለኝ።»

እጄን ከብራኬቱ ሥር ማውጣት አቃተኝ።

«ይቃናል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ብረቱ ይቃናል፣ እማማ» አልኩና ግንባሬን ባልዲው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ከጉቶው ተነሥተው መጡ፤ ጀርባዬን እየደባበሱ አይዞህ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።