ጎረቤት አብሮ ይነሳ፦ ከቱሉ ዲምቱ ካዛንቺስ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ቱሉ ዲምቱ

ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ግድግዳ እየዳበስኩ ወረድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የእድራችን ደብዳቤ አለ፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ቂርቆስ የቀሩት አባላት ቤታቸው ሊፈርስ ነው፤ የምትክ ቤት እጣ ነገ ይወጣል። ለየብቻ ከሚበተኑ አንድ ብሎክ ይሰጣቸው ይላል ደብዳቤው። የሰብሳቢው ፊርማ ብቻ ይቀረዋል።

እኛ ካዛንቺስ ሲፈርስ የተነሳን ሰዎች እጣ ያወጣነው ለየብቻ ነው። ባለቤቴ ሲሞት የእድሩ ድንኳን የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው።

ከጠዋቱ 2፡00፣ ካዛንቺስ

«ማዘር፣ የት ላውርድዎት?» አለ የሚኒባሱ ሾፌር።

«ዳቦ ቤቱ ጋ።»

«ፈርሷል እኮ!»

«ቦታው የትም አልሄደም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ዘንባባ። ማማሩን አልክድም። ቤጂንግም ያምር ነበር።

ያኔ ከምሠራበት ፕላን ቢሮ ከአለቃዬ ጋር ለሥልጠና ወደዚያ ተልከን ሁለት ዓይነት ሰፈር አይተናል። አንዱ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ የሠራው ግቢ ነው፤ አብረው የሠሩ አብረው ይኖራሉ፣ ክሊኒኩም እዚያው። ሌላው በጠባብ መንገዶች ዳር የተደረደሩ የጥንት ግቢዎች ሰፈር ነበር፤ እየፈረሰ፣ ነዋሪው ከቀለበት መንገዱ ውጭ ወደተሠሩ ፎቆች ይበተናል። አንዲት አሮጊት የጎረቤቶቿን አዲስ አድራሻ ጽፋ ይዛለች። ሁለቱ እንኳ አንድ ቦታ አልነበሩም። ስመለስ በሪፖርቴ «ጎረቤት አብሮ ይነሳ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አቶ ግርማ «ይሄ ስሜት እንጂ ፕላን አይደለም» ብለው ሰረዙት።

2፡40፣ ቂርቆስ

ያው አለቃዬ አቶ ግርማ አሁን የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። የእሳቸውም ቤት ይፈርሳል። ደብዳቤውን በቁማቸው አነበቡት።

«ግሩም ሐሳብ ነው። ቤጂንግ ሳለን ያልኩት አይደል እንዴ?»

«አላሉም። ሰረዙት።»

«እኔ? ታዲያ ያኔ ለምን አልተሟገትሽም?»

«ተሟገትኩ። መዝገብ ቤት አዛወሩኝ።»

ባለቤታቸው ከውስጥ ጮኹ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ፈርምና ልቀቃት!»

ፈረሙ።

3፡15፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

ባለጉዳይ የምታስተናግደው ልጅ ደብዳቤውን ይዛ ኃላፊው ጋ ገብታ ወጣች።

«እማማ፣ አንድ ሙሉ ብሎክ አለ። ግን፣ ማለቴ፣ ከሁሉም ሩቁ ሳይት ላይ ነው። አሁን ካልወሰዳችሁ በቃ፣ ነገ እጣ ነው።»

ደወልኩ። አቶ ግርማ ደጃቸው የተሰበሰቡትን አባላት ሲጠይቁ ጫጫታው ይሰማኛል።

«ግማሹ ይርቃል ይላል፣ ግማሹ እንውሰድ ይላል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሃያ ዓመት በሥራቸው ስሠራ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

«አብራችሁ ሂዱ» አልኩ።

«እሺ። ውሰጂልን።»

ልጅቷ ማህተሙን መታች። እኔ የዚያ ብሎክ ሰው አይደለሁም፤ ወጥቼ የቱሉ ዲምቱን አውቶቡስ ሰልፍ ያዝኩ።