የተፋቀው ስም

ሥራ የገባሁ ለት አለቃዬ፣ ብራና በጓንት ሳይሆን በታጠበና በደረቀ እጅ እንደሚነካ ነገረኝ። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል። ለንደን ውስጥ የግዕዝ መጻሕፍትን ካታሎግ ሳዘጋጅ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እጄን እየታጠብኩ ኖርኩ።

የታሪክ ሰው ነኝ። ስለ ንግሥተ ሳባ መጻፍ የጀመርኩት ግን ዘግይቼ ነው። ባልደረቦቼ ለምን ሲሉኝ አድበስብሼ አልፋለሁ። ዛሬ ልናገረው።

አንድ ቀን ጋሼ በላይ የሚባሉ የቶተንሃም ሰፈር ሽማግሌ ልጃቸውን ሄለንን አስከትለው ቢሮዬ መጡ። ካንሰር ይዟቸዋል። ከአያታቸው ከውብነህ ተነሥቶ እስከ ንግሥተ ሳባ የሚቆጥር የዘር ሐረግ የተጻፈበት ጥቅል ብራና ይዘዋል።

"ልጄ፣ ቼክ አድርግልኝ። ለእሷ ላወርሳት ነው፤ ተረት ነው ትለኛለች። ካንተ ከተማርከው አፍ ትስማው" አሉኝ።

ጉራ አለብኝ፣ አልዋሽም። የተፋቀ ቀለም የሚያሳየውን መብራት አበራሁበት። ውብነህ ከሚለው ቀለም ስር፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ወልደ ማርያም የሚል ስም ተፍቋል። መጽሐፍ የዘረፈ ሰው የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን ሲጽፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

"ጋሼ፣ አያትዎ የሰው ሐረግ ወስደው ስማቸውን አስገብተውበታል" አልኳቸው፣ እዚያው ልጃቸው ፊት።

ብራናውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። "ሌባ ነበር በላ" አሉ። ሄለን "ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ" ብላ ክንዳቸውን ያዘች። በሦስተኛው ወር አረፉ።

ለአርባቸው ሄለን ደወለችልኝ። በጸሎት የሚጠሩት የቤተሰቡ ሙታን ስም ለቄሱ ተጽፎ መሰጠት አለበት፤ እሷ ፊደል አትችልም። አርችዌይ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። የጋሼ በላይ እህት ከጎንደር በስልክ ይነግሩናል፣ እኔ እጽፋለሁ።

"አያታችን ውብነህ፣ የክርስትና ስማቸው ወልደ ማርያም" አሉ። "ድግምት ፈርተው ሲደብቁት ኖሩ። ብራናው ላይ የተጻፈውን እንኳ አስፍቀው ውብነህ አስብለውበታል። እናታችን ስትሞት ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።"

እጄ ቆመ። የክርስትና ስም እንደሚደበቅ መች አጣሁት? የራሴንም ለማንም አልናገርም። ስልኩ ሲዘጋ ያጠፋሁትን ለሄለን ነገርኳት።

"አባዬ እኮ እርስዎን አምኖ ነው የሞተው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ንግሥቲቱ እጽፋለሁ። ኖረች አልኖረች አላውቅም፤ የምጽፈው ስማቸውን ከስሟ ጋር ስላስቆጠሩት ሰዎች ነው። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህችን ብቻ ነው፦ የተፋቀ ስም ስታገኙ፣ ሌባ ከማለታችሁ በፊት ዘመድ ጠይቁ።